አቃቂና ድሬዳዋ፦ አንድ ሐዲድ ያሳደጋቸው ከተሞች

ከሳሪስ አቦ ወደ ደቡብ የሚወርደው አሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ቃሊቲን አልፎ አቃቂ እስኪደርስ ድረስ ግራና ቀኙ መጋዘን፣ የብረታ ብረት ፋብሪካና የጭነት መኪና ማቆሚያ ነው። በዚህ መንገድ የወጣሁት የአቃቂን አሮጌ ባቡር ጣቢያና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ሰፈር ለማየት ነበር። አዲስ አበባ ከጀርመኗ ላይፕሲግ ጋር ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በስምምነት የተሳሰረች እህት ከተማ ናት፤ የአቃቂ እህት ግን፣ ማንም ፊርማውን ባያኖርበትም፣ ድሬዳዋ ናት ብዬ አምናለሁ።

ያዛመዳቸው ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ እጅግ ውድና አስቸጋሪ ሆኖ ስለተገኘ ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ፣ ሜዳው ላይ ተቆረቆረች። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት፣ የአውሮፓ መንግሥታትም በመስመሩ ላይ እየተሻኮቱ ሥራው ለዓመታት ሲቆም፣ ድሬዳዋ የሐዲዱ ማብቂያና የዕቃ ማራገፊያ ሆና ቆየች፤ የባቡሩ ዋና የጥገና ጋራዥም እዚያው ነበር። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ አቃቂ በዋና ከተማዋ ደጃፍ ያለች ጣቢያ ሆነች። ማሽኑም፣ ነዳጁም፣ መለዋወጫውም ከጅቡቲ ወደብ በባቡር በሚመጣበት በዚያ ዘመን ፋብሪካ ለመትከል ከሐዲዱ ዳር የተሻለ ቦታ አልነበረም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ድሬዳዋ ላይ የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ቆሙ፤ በ1950ዎቹ ደግሞ የሕንድ ባለሀብቶች የገቡበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቃቂ ላይ ተተከለ።

ከጣቢያው ብዙም በማይርቅ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጠው ያገኘኋቸው አዛውንት በመሸመኛ ክፍል ውስጥ በፈረቃ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። “አባባ፣ ድሬዳዋ ሄደው ያውቃሉ?” ብዬ ጠየቅኋቸው። “እንዴ ልጄ! ወንድሜ እኮ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ልጆቹን የዳርኩት እዚያው ድሬ ሄጄ ነው” አሉኝ። ድሬዳዋ ላይ ሠራተኛው ምን እንደጠየቀ፣ ማን እንደታሰረ፣ ማን እንደተባረረ አቃቂ የሚሰማው ከጋዜጣ ሳይሆን በባቡሩ ከሚመላለሱት ሰዎች አፍ እንደነበረም ነገሩኝ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የባቡር ሠራተኞች በአገራችን ቀድመው ከተደራጁት መካከል ናቸው፤ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረትም ሆነ በየካቲት 1966 መጨረሻ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ መልእክት ከከተማ ከተማ የሚያደርሱት እንዲህ ያሉ ትስስሮች ነበሩ ብል ማጋነን አይመስለኝም። ከአብዮቱ በኋላ ደርግ ሁለቱንም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ወርሷል፤ የሁለቱም ሠራተኞች የአንድ መንግሥት ተቀጣሪዎች ሆኑ።

ከሰዓት በኋላ ወደ እንዶዴ ሄድኩ። በመስከረም 2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ እዚህ አለው፤ ኮንቴይነር የሚጫንበትና የሚራገፍበት ስፍራ ሰፊ ነው። አዲሱ መስመር አሮጌዎቹን የከተማ ጣቢያዎች ትቶ በዳር ያልፋል፤ የድሬዳዋውም ጣቢያ ከከተማዋ ውጭ ነው። ለጭነት ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ሐዲዱን ተከትለው የተቆረቆሩት ሰፈሮች ግን ባቡሩን ከሩቅ እያዩት ይኖራሉ።

ድሬዳዋ አሮጌ ሎኮሞቲቮቿንና ጋራዧን ለጎብኚ ታሳያለች። ላይፕሲግም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን ግዙፍ የጥጥ መፍተያዋን ሳታፈርስ የሠዓሊዎች መሥሪያና የሥዕል ማሳያ አድርጋዋለች። አቃቂ ላይ መጀመር ያለበት ሥራ ከዚህ የቀለለ ነው፤ የፋብሪካውን የደመወዝ መዝገብ፣ የማኅበሩን ቃለ ጉባኤና በየቤቱ ግድግዳ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ እየሰበሰቡ፣ የጡረተኞቹን ቃል እየቀዱ ከድሬዳዋው ሰነድ ጋር አንድ ላይ ማስቀመጥ። ክፍለ ከተማው፣ የሠራተኛ ማኅበራቱና የዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ቢተባበሩ ዘንድሮውኑ ሊጀምሩት ይችላሉ። እኒያ አዛውንት ቃላቸውን ለመስጠት ፈቃደኛ መሆናቸውን፣ በዚያው ሰፈር የሚኖሩ የቀድሞ የሥራ ጓደኞቻቸውንም እንደሚያገናኙኝ ነግረውኛል።