ጀበናውን ወደን ሠሪውን ስንጠላ

ቤታችን ውስጥ ያለውን እስቲ ዞር ብለን እንየው። ቡና የምናፈላበት ጀበና የሸክላ ሠሪ እጅ ነው። ገበሬው የሚያርስበት ማረሻ የብረት ቀጥቃጭ ነው። ለጥምቀት የምንለብሰው ባለ ጥለት ልብስ፣ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ፣ ከጠዋት እስከ ማታ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ሲልክ ውሎ የሠራው ነው። ለነዚህና ለመሰሎቻቸው ያወጣንላቸው ስም ግን ለቀጥቃጩ ጠይብ፣ ለቆዳ ሠሪው ፋቂ፣ ለሸማኔው ቁጢት በጣሽ ነው። ሲብስም ቡዳ።

ይህ ነገር በጣም ያናድደኛል። ቀን ማረሻ ያሾለለትን ሰው ማታ ጅብ ሆኖ ይዞራል ብሎ የሚፈራ፣ ልጁ ሲታመም «እሱ ነው የበላው» የሚል ስንት ሰው ነበር፤ ዛሬም አለ።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ የሚጠቅሳቸው ስድቦች ብዙ ነገር ይናገራሉ። ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ የሚጽፈው ጠንቋይ፣ የሚነግደው መጫኛ ነካሽ ይባል ነበር። ሸማኔ እንኳን ያኔ ስድብ ነበር፤ ዛሬ ማንም ሳያፍር የሚጠራው የሙያ ስም ሆኗል። ታዲያ ያልተሰደበው ማን ነው? ባለማዕረጉ ነዋ። ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ሁሉም ከጦር ሰልፍ የወጡ ስሞች ናቸው። የፊቱ፣ የቀኙ፣ የግራው አዛዥ ማለት ነው። በእጁ ለሚሠራ ሰው ይህን የሚያህል ማዕረግ አልነበረንም።

ከስሙ ጀርባ ደግሞ መሬት አለ። ርስት ያለው ያርስ ወይም ያሳርስ ነበር፣ ርስት የተነፈገው ወደ እጅ ሥራ ይገባ ነበር። ጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤላውያን ርስታቸውን ሲያጡ የተረፋቸው ብረቱና ሸክላው ነበር፤ ቡዳ የሚለው ስምም አብሮ ተለጠፈባቸው። ድህነቱ ላይ ስድብ መጨመሩ ነው የሚከፋው።

ጭሰኛ የሚለው ቃልስ የት ገባ? በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጭሰኝነቱ ራሱ ሲቀር ቃሉም ከአፋችን ወጣ፣ ዛሬ ታሪክ ስናወራ ካልሆነ አንጠራውም። ፋቂ ግን አልሞተም። ምክንያቱም ነገሩ ያለው ሽማግሌ ሲላክ ነው፣ አጥንት ሲቆጠር ነው፣ እዚያ ደግሞ አዋጅ አይገባም።

አንድ የማውቀው ልጅ ተምሯል፣ ጥሩ ሥራ አለው፣ ጠባዩም ግሩም ነው። ከሚወዳት ልጅ ቤት ሽማግሌ ላከ። «ከነማን ወገን ነው?» ተባለ፤ አያቱ ቆዳ ፋቂ እንደነበሩ ሲሰማ በዚያው ቀረ። ሽማግሌዎቹም «እንግዲህ ምን ይደረግ» ብለው ተነስተው ወጡ። እኔ ያን ጊዜ ከመሃላቸው አንድ እንኳን «ይሄ ነውር ነው» የሚል ሰው ቢኖር ብዬ ተመኘሁ። ሽማግሌ ሆናችሁ የምትላኩ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን ጥያቄ እዚያው ፊት ለፊት ተቃወሙት።