ባዶ የቀረው ዓምድ፦ የጥንቷን ህንድና ወራሪዎቿን ያስተማርሁበት ክረምት

ባለፈው ክረምት ለታሪክ ክበብ ተማሪዎቼ ስለ ጥንታዊ የህንድ ሕዝቦችና ከውጭ ስለመጡባቸው ኃይሎች አራት ክፍል ያለው ትምህርት ለማዘጋጀት ተነሣሁ። ፋርሶችን፣ እስክንድርን፣ የባክትሪያ (የዛሬዋ ሰሜን አፍጋኒስታን አካባቢ) ግሪኮችን፣ ሳካዎችን (የማዕከላዊ እስያ ዘላኖችን)፣ ኩሻኖችንና ሁኖችን በመምጫቸው ቅደም ተከተል ደርድሬ ጦርነቶቻቸውን ብተርክ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። በትልቅ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ አሰመርሁ፤ በመጀመሪያው የመጤው ምስክርነት፣ በሁለተኛው የአገሬው ቃል፣ በሦስተኛው ከመሬት የተገኘው ቅርስ እንዲሰፍር።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ326 እስክንድር በጄለም ወንዝ ዳር ከህንዱ ንጉሥ ከፖሮስ ጋር ያደረገው ውጊያ፣ የታክሲላ ከተማ ገዥ አምቢ ሳይዋጋ መገዛቱ፣ ወታደሮቹም ቢያስ ወንዝ ሲደርሱ ከዚህ ወዲያ አንሄድም ማለታቸው የመጀመሪያውን ዓምድ ሞልቶ ተረፈ። ሁለተኛው ግን ባዶ ቀረ፤ የእስክንድርን ስም የሚጠራ አንድም የዘመኑ የህንድ ጽሑፍ ለእኛ አልደረሰምና። እኔም ይህን እያየሁ አልፌ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በሙሉ በውጊያው ላይ ጨረስሁት። በመጨረሻ አንዲት ተማሪ «ታዲያ ህንዶቹ ራሳቸው ምን አሉ?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ።

ከዚያ በኋላ መነሻዬን ከጦር ሜዳ ወደ ድንጋይ ጽሑፍ አዛወርሁ። ህንዶች ግሪኮችን «ያቫና» ይሏቸው ነበር፤ በኦሪት ዘፍጥረት ከያፌት ልጆች መካከል የተቆጠረው ያዋንም የዚሁ ስም ዘመድ በመሆኑ ተማሪዎቹ ቃሉን ለመያዝ አልተቸገሩም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ የታክሲላው ንጉሥ አንቲያልኪዳስ የላከው ሄሊዮዶሮስ የተባለ ግሪካዊ መልእክተኛ በማዕከላዊ ህንድ፣ ቤስናጋር ላይ ለቫሱዴቫ ክብር ሐውልት ሲያቆም፣ ራሱን የዚያ አምላክ አማኝ ብሎ ብራህሚ በተባለው የጥንት ህንድ ፊደል አስቀርጿል።

ሰንጠረዡን በእውነት የሞላልኝ ግን በጉጃራት የሚገኘው የጁናጋድ ዓለት ነው። በዚህ ዓለት ላይ የህንዱ ንጉሥ የአሾካ አዋጆች ተቀርጸዋል፤ በ150 ዓ.ም. ገደማም ከሳካዎች ወገን የሆነው ንጉሥ ሩድራዳማን ማዕበል ስላፈረሰው የሱዳርሻና ግድብ የሚተርክ ረጅም ጽሑፍ በሳንስክሪት ጨመረበት። ግድቡን በመጀመሪያ ያሠራው የአሾካ አያት የንጉሥ ቻንድራጉፕታ ሹም ነበር፤ በአሾካ ዘመን ቦዮቹን ያሟላው ቱሻስፋ የሚባል ያቫና ነው፤ በሩድራዳማን ዘመን ያደሰው ደግሞ ሱቪሻካ የተባለ ፓህላቫ፣ ማለትም ከፋርስ ወገን የመጣ ሰው ነው። ቱሻስፋ ያቫና ይባል እንጂ ስሙ የፋርስ ነው፤ እነዚህን የሕዝብ ስሞች እንደ ደም ሐረግ ማንበብ እንደማይገባ ያወቅሁት ከእርሱ ነው። ሩድራዳማን ሕዝቡን በግብርም ሆነ በግዴታ ሥራ ሳያስጨንቅ ከራሱ ግምጃ ቤት እንዳሠራው ይናገራል፤ ንጉሥ ስለ ራሱ ያስጻፈው ነውና እንዳለ አልተቀበልሁትም።

በሦስተኛው ክፍል ወደ ሌላው ጽንፍ ሄጄ፣ መጤው ሁሉ በሰላም ከአገሬው ጋር ተዋሐደ ብዬ አስተማርሁ። ይህንም ማረም ነበረብኝ። በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሁኖቹ ንጉሥ ሚሂራኩላ በጭካኔው ሲታወስ፣ ያሾዳርማን የተባለው ንጉሥ በማንዳሶር ባቆመው ዓምድ ላይ ያንኑ ሰው እግሩ ሥር እንዳስደፋው ይፎክራል። በአንጻሩ 100,000 ሰው መገደሉንና 150,000 መጋዙን በራሱ አዋጅ የመሰከረው አሾካ ከውጭ የመጣ አልነበረም፤ ካሊንጋን የወጋ የአገሬው ንጉሥ ነበር። የጭካኔው መስመር አገሬውንና መጤውን ከሚለየው መስመር ጋር አለመግጠሙን ቀድሜ ባየው ኖሮ፣ ትምህርቱን በሌላ መንገድ በከፈልሁት ነበር።

የመጨረሻውን ክፍል ለኩሻኖች ሰጠሁ። ከቻይና ድንበር ተገፍተው በባክትሪያ በኩል የመጡት እነዚህ ሰዎች በሰሜን ህንድ በማቱራ ሙቀት ውስጥ እንኳ የፈረሰኛ ቦት ጫማቸውን አላወለቁም፤ ራሱ የተቆረጠው የንጉሣቸው የካኒሽካ ሐውልት በዚያው ጫማና በረጅም ካፖርት ቆሞ፣ በብራህሚ ፊደል «ታላቅ ንጉሥ፣ ንጉሠ ነገሥት» ይላል። በሳንቲሞቹ ላይ ግን የግሪክ፣ የፋርስና የህንድ አማልክት፣ ቡድሃም ጭምር ይታያሉ። ከ100 የሚበልጡ የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች በደብረ ዳሞ መገኘታቸውን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ፤ አንዳንዶቹ ገዳሙን ከሩቅ አይተውታል። ሳንቲሞቹ ገዳሙ ከተመሠረተበት ከስድስተኛው መቶ ዓመት በፊት የተመቱ ናቸው። ይህን ለመጨረሻ ማቆየቴ ስሕተት ነበር፤ ዘንድሮ የምጀምረው በእርሱ ነው።

ሰንጠረዡ አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ተማሪዎቹ ብዙ ረድፎችን ሞልተውታል፤ በእስክንድር ረድፍ ያለው ሁለተኛው ዓምድ ግን ባዶውን ነው፣ እንዲሞሉትም አልፈቀድሁም።