ኢንተርኔቱን ማን ፈቀደለት?

አንድ አፕ ካሜራ ለመክፈት ፈቃድ ይጠይቃል። ያላችሁበትን ቦታ ለማወቅም፣ የስልክ ቁጥሮቻችሁን ለማየትም ይጠይቃል። ጥሩ። ኢንተርኔት ለመጠቀምስ ጠይቋችሁ ያውቃል? እኔን ጠይቆኝ አያውቅም። አንድሮይድ ላይ የኢንተርኔት ፈቃድ ከተራ ፈቃዶች ይመደባል። አፑ ሲጫን አብሮ ይሰጠዋል፣ አለቀ። ብዙ ስልኮች ላይ ደግሞ መከልከያውም የለም።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አፑ ስለኔ የፈለገውን ቢሰበስብ፣ ከስልኬ ማውጣት ካልቻለ ምን ይረባዋል?

ኔትጋርድ የሚባለውን፣ ሌሎች አፖችን ከኢንተርኔት የሚከለክል አፕ የምጠቀመው ለዚህ ነው። ስልኩን ሩት ማድረግ (የሲስተሙን ሙሉ ሥልጣን መክፈት) አያስፈልገውም። ለአንድሮይድ "ቪፒኤን ነኝ" ይለዋል፤ ቪፒኤን የስልኩን ትራፊክ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት ነው፤ የኔትጋርድ ትራፊኩ ግን የማንም ሰርቨር ጋ አይሄድም፣ እዚያው ስልኩ ላይ ይጣራል። የአፖቹ ዝርዝር ይመጣል። ከእያንዳንዱ ጎን አንድ የዋይፋይ፣ አንድ የሞባይል ዳታ ምልክት አለ። ነካ ማድረግ ነው፣ ተዘጋ። አንድ ችግር አለው፤ አንድሮይድ ሁለት ቪፒኤን ባንዴ አያሠራም። ሌላ ቪፒኤን የሚጠቀም ሰው አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

እኔ በጣም የምወደው እያንዳንዱ አፕ የት የት እንደሚደውል የሚያሳየውን ክፍል ነው። አንድ የእጅ ባትሪ አፕ ነበረኝ። ሥራው መብራት ማብራት፣ ማጥፋት። ከፍቼ ሳየው የአድራሻ መዓት! የማስታወቂያ፣ የአናሊቲክስ (የተጠቃሚን አጠቃቀም የሚከታተሉ)፣ እንደገና የማስታወቂያ። የሚልከው ኢንክሪፕት የተደረገ (በሚስጥር ኮድ የተቆለፈ) ስለሆነ ምን እንዳለበት አይታይም፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዘጋሁት። መብራቱ እንደ ድሮው ይበራል።

የባትሪ አፕ ነገር ደግሞ የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን አንድ የባትሪ አፕ ሠሪን ከሶ ነበር። አፑ የተጠቃሚውን መገኛና የስልኩን መለያ ለማስታወቂያ ኔትወርኮች ያቀብል ነበር። ያውም ተጠቃሚው ውሉን ገና "እቀበላለሁ" ሳይል! ይሄ ድፍረት እስካሁን ይገርመኛል።

ዲኤንኤስም አለ፤ የድረገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው ሥርዓት ማለት ነው። የምትከፍቱት ድረገጽ ኤችቲቲፒኤስ ቢሆንም (ማለትም ግንኙነቱ የተቆለፈ ቢሆንም)፣ የድረገጹን ስም የሚጠይቀው ዲኤንኤስ አብዛኛውን ጊዜ ግልጥልጥ ብሎ ነው የሚሄድ። ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ሴቲንግ ውስጥ "ፕራይቬት ዲኤንኤስ" የሚል፣ ጥያቄውን ቆልፎ የሚልክ ምርጫ ስላለ እሱን ማብራት ነው። ያኔም ቢሆን ጥያቄውን የሚቀበለው ድርጅት ያየዋል፤ ስለዚህ ማንን እንደምትመርጡ አስቡበት።

"አፕን ከኢንተርኔት መከልከል ለተራ ተጠቃሚ ይከብዳል" የሚሉኝ አሉ። አይመስለኝም። አንድሮይድ ላይ የተሠራው ግራፊንኦኤስ የሚባል የስልክ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የኔትወርክ ፈቃድን እንደ ካሜራው ማብሪያ ማጥፊያ አበጅቶለታል። ችሎታው አለ ማለት ነው። የጉግል ገቢ በአብዛኛው ከማስታወቂያ መሆኑን ሳስብ ግን፣ ይሄ ማብሪያ ማጥፊያ ሁሉም ስልክ ላይ ቶሎ ይመጣል ብዬ አልጠብቅም። ግራፊንኦኤስ ደግሞ በዋናነት ፒክስል ለሚባሉት የጉግል ስልኮች የተሠራ ነው፣ የኔ ፒክስል አይደለም። እስከዚያው ከኔትጋርድ ጋር ነን።