የጋራ ቆጣሪና የጨለማው መተላለፊያ

«ያ ሠፈር ሌባ ይበዛበታል» የሚለው አነጋገር ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ለኖርን ሰዎች አዲስ አይደለም። ሠፈሩ ከመርካቶ ጋር የተጎራበተ ስለሆነ ቀን ሸማችና ተሸካሚ ሲተራመስበት ይውላል፣ ሲመሽ ደግሞ ሥራ ያጣ ጎረምሳ በየጥጉ አይጠፋም፤ ስለዚህ ወሬው ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም። ይሁን እንጂ በቀበሌ ግቢ በኖርኩባቸው ዓመታት የታዘብኩት፣ የስርቆቱ ነገር ከነዋሪው ጠባይ ይልቅ ከቤቶቹ ሁኔታ ጋር የተቆራኘ መሆኑን ነው።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ለድሃ እፎይታ ነበር፤ ጣጣው ጥገናው ላይ ነው። ተከራዩ ያለ ፈቃድ ግድግዳ አይነካም፣ ቀበሌውም በዚያች ኪራይ ጣሪያ አይቀይርም፤ በዚህ መካከል ጭቃው እየተቦረቦረ፣ የአጥሩ ቆርቆሮም እየተገነጠለ ይሄዳል። የእኛ አጥር ጥግ ላይ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነበረው።

ዘጠኝ አባወራ በአንድ ቆጣሪና በአንድ መጸዳጃ ቤት እንጠቀም ነበር። መጸዳጃው ከግቢው ጀርባ በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ስለሚገኝ፣ ሴቶቹ ከራት በኋላ ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፣ ካልሆነም ባልዲ ቤት ውስጥ ያሳድራሉ። በመተላለፊያው ላይ አንድ አምፖል ነበረ። የመብራት ሒሳብ በመጣ ቁጥር ግን ጭቅጭቅ ይነሣል። እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡት ጎረቤታችን ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይስባል፣ አምፖሉ ደግሞ 60 ዋት ብቻ ነው፤ ነገር ግን የሰው እንጀራ ላይ ደፍሮ የሚናገር ስላልተገኘ፣ ባለቤት በሌለው አምፖል ላይ ተፈረደበት።

አምፖሉ በተነቀለ በወሩ ገደማ እኚሁ እናት ከመጸዳጃ ሲመለሱ ስልካቸውን ተቀሙ። ለፖሊስ እንዲያመለክቱ ብንጎተጉታቸው፣ «ልጆቼ፣ እኔ ጣቢያ ስመላለስ ሊጡ ይኮመጥጥብኛል» አሉን። ነገሩ በዚያው ቀረ። የአንድ ሠፈር ወንጀል ጨመረ ወይም ቀነሰ ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያ ሊጥ ትዝ ይለኛል፤ አቤት ለማለት እኮ ከሥራ የሚተርፍ ቀን ያስፈልጋል፣ ያ ቀን የሌለው ሰው የተቀማው ንብረት ደግሞ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ንጥቂያን ለመግታት ሲል በሞተር ሳይክሎች ላይ ገደብ ጥሎ እንደነበር ይታወሳል። ለአስፋልቱ ጠቅሞ ይሆናል፤ የእኛ መተላለፊያ ግን እንኳን ሞተር ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም።

በመጨረሻ የግቢው ሰው ተሰብስቦ የአምፖሉን ሒሳብ ለዘጠኝ ለመካፈል ተስማማ፣ መተላለፊያውም ዳግመኛ በራ። በሦስተኛው ሳምንት አምፖሉ ራሱ ተሰረቀ። ሁለተኛውን ስንሰቅል ብየዳ የሚሠራው ጎረቤታችን የብረት ቀፎ አበጀለት፤ የቀፎው ቁልፍ እንጀራ ጋጋሪዋ እናት ዘንድ ተቀመጠ።