የጓሮዬን ዋልካ እንዴት አትክልት አበቀልኩበት

ከአራት ዓመት በፊት ባሕር ዳር ወደዚህ ቤት ስንገባ መጀመሪያ ያየሁት ጓሮውን ነው። 8 ሜትር በ12 ሜትር ይሆናል፤ ከጣናም ብዙ አይርቅም። ወሩ ጥቅምት ነበር። አፈሩ ጥቁርና ልስልስ ብሎ ሲታየኝ «ይሄ መሬት ምን ያቅተዋል!» አልኩ። በየካቲት ተሰነጣጠቀ። አንዱ ስንጥቅ እጄን እስከ ክርኔ ዋጠው። ሐምሌ ላይ ደግሞ ያው መሬት ጭቃ ሆኖ ቦቲዬን ከእግሬ እየጎተተ አስቸገረኝ።

ዋልካ ነው። ሌላ ቦታ መረሬ ወይም ኮትቻ ይሉታል። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ንጥረ ነገርና እርጥበት በመያዝ ጎበዝ ነው። ግን ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ የክረምቱ ውሃ ቶሎ አይሰርግበትም። ሥሩ አየር አጥቶ ይታፈናል። ይህን የተረዳሁት ብር ካወጣሁ በኋላ ነው።

ወደዚህ ሥራ የገፋኝ የአስቤዛ ወጪ ነበር። ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ ቃሪያው፣ ሰላጣው፣ ሁሉም ከጉሊት ይገዛል። ለየብቻው ትንሽ ይመስላል፤ በወር ሲደመር ያስደነግጣል። እናም የመጀመሪያውን ዓመት በጥድፊያ ጀመርኩ። አንድ ሰው «አፈሩ ከከበደሽ አሸዋ ቀላቅይበት» አለኝ። በጋሪ ሦስት ጊዜ አሸዋ አስመጥቼ አንዱን ጥግ ቀላቀልኩ። ዝናቡ ሲያባራ ያ ጥግ እንደ ብሎኬት ደረቀ። ዶማው ሲያርፍበት ይጮሃል። ዋልካን በአሸዋ ማላላት የሚቻለው አሸዋው እጅግ ብዙ ሲሆን ብቻ ነው። ትንሽ ከሆነ ሸክላው አሸዋውን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። ይህን ምክር ዛሬም የሚሰጥ ሰው ስሰማ ዝም ማለት አልችልም።

ሁለተኛው ስህተቴ ቲማቲም ነው። ሰኔ ላይ ሃያ ችግኝ ተከልኩ። ሐምሌ ሲጋመስ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ምግብ ያነሰው መስሎኝ ማዳበሪያ ጨመርኩ። ባሰበት። አንዱን ነቅዬ ሳየው ሥሩ ቡናማ ሆኖ ተልፈስፍሷል፤ ሽታው የከረመ ኩሬ ሽታ ነው። የነቀልኩበት ጉድጓድ ዓይኔ እያየ ውሃ ሞላ። ሃያውም በዚያው አለቁ።

ከዚያ ውሃውን ላስወጣ ብዬ ቦይ ቆፈርኩ፤ ቦዩን ግን አጥሩ ሥር አቆምኩት። በማግስቱ ዶፍ ሲወርድ ውሃው በአጥሩ ሥር ሾልኮ የጎረቤታችን የእማማ ዶሮ ቤት ገባ። አፍሬ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። እማማ የፎገራ ሰው ናቸው፤ ዋልካ ላይ ተወልደው ያደጉ። አልተቆጡም። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጓሯችን ገቡና ዙሪያውን አዩት።

«አንቺ ልጅ፣ ውሃው የት እንደሚሄድ ሳታዪ ነው እንዴ የምትቆፍሪ?»

«አላወቅኩም እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ግድ የለም። ዋልካ ውሃው ከሄደለት እንደሱ ያለ አፈር የለም። መጀመሪያ መውጫውን አብጂ፣ መደቡ ከዚያ በኋላ ነው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባለቤቴና የእማማ ልጅ ዶማ ይዘው ተነሱ። በሁለቱ ግቢዎች ወሰን ላይ አንድ ቦይ እስከ መንገዱ ፍሳሽ ድረስ ቆፈሩ። መደቡን እኔ ሠራሁት። ስፋቱን 1.20 ሜትር አደረግኩ፤ ከሁለቱም ወገን ቁጭ ብዬ እጄ መሃሉ ድረስ ይደርሳል። በየመደቡ መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ተውኩ። ከቦዩ የወጣውን አፈር እየደረብኩ መደቡን ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረግኩት። ነገሩ አዲስ አይደለም። ሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬው ከነቤተሰቡ በእጁ መደብና ቦይ እያበጀ የመረሬውን ውሃ ሲያንጣፍፍ ኖሯል። አንዴ የተሠራ መደብ ላይ እግሬን አላሳርፍም፤ ልጆቹም ያውቃሉ። ዋልካ ሲረገጥ ይደድራል።

ከዚህ ሁሉ ደግሞ የሚከብደው ቀኑን ማወቅ ነው። አሁን ከመቆፈሬ በፊት እፍኝ አፈር አንስቼ ጨበጥ አደርጋለሁ፤ ከዚያ በአውራ ጣቴ ገፋ። ከተፈረፈረ ዶማዬን አነሳለሁ። እንደ ሊጥ ከተሳበና ካንጸባረቀ ትቼው ወደ ቤት እገባለሁ። እርጥብ ዋልካ ከተቆፈረ ጓል ይሆናል፤ ያ ጓል በጋውን ሙሉ አይፈርስም። ደረቁ ደግሞ ዶማ አያስገባም። በመሃል ያሉት ቀናት ጥቂት ናቸው። እኛ ጓሮ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ይገኛሉ፤ ሰኔ መግቢያ ላይም ከመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በኋላ ሁለት ሦስት ቀን አለ። ለዚህ ብዬ ከሥራ ፈቃድ የወሰድኩበት ቀን አለ፤ አልቆጨኝም።

አፈሩን በእውነት ያላላው ብስባሽ ነው። ፍግ፣ የጤፍ ጭድ፣ የቡና አተላ፣ የድንችና የካሮት ልጣጭ እየደራረብኩ ሦስት አራት ወር እንዲብላላ አደርጋለሁ። ትኩስ እበት መደብ ላይ አይገባም፤ ሥር ያቃጥላል። «እምቦጭ በነፃ ሞልቶልሽ» ያሉኝም ነበሩ። አላመጣሁትም። ዘሩ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል፤ የጓሮዬ ውሃ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ሐይቁ ነው የሚገባው። ጣና በዚህ አረም የደረሰበት ይበቃዋል።

በበጋ መደቡን ጭድ አለብሰዋለሁ። አራት ጣት ያህል ውፍረት ሲኖረው አፈሩ አይሰነጠቅም፤ ውሃ የማጠጣውም በየቀኑ መሆኑ ቀርቶ በሦስት ቀን አንዴ ሆነ። አትክልት ያጠብኩበትን ውሃ በርሜል ውስጥ አጠራቅማለሁ። በርሜሉ የቆመው በዚያ በአሸዋው ጥግ ላይ ነው።

ወጪውን በደብተር እይዛለሁ። ከጓሮ የቀጠፍኩትን ነገር ጉሊት ላይ ስንት እገዛው እንደነበር እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ኪሳራ ነው፤ ሁለተኛው ወጪውን መለሰ፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ጎመን፣ ቆስጣና ቃሪያ ገዝቼ አላውቅም። ብር የሚያድነው እየተቀጠፈ መልሶ የሚያቆጠቁጥ ነገር ነው። የሐበሻ ጎመን ከታች ከታች ቅጠሉ ሲቀጠፍ ወራት ይሰጣል። ቀይ ሽንኩርት ግን ቦታ ለወራት ይዞ አንዴ ነው የሚሰጠው፤ እሱን ከገበያ እገዛለሁ። ካሮትም ሞክሬ ነበር፤ ባልላላ አፈር ሁለት ሦስት እግር አውጥቶ ይወጣል። ቲማቲሙን ችግኙን ነሐሴ ላይ በጥላ አፍልቼ ዝናቡ ሲያቆም ነው የማዛውረው። ከዚያ ወዲህ ሥሩ በስብሶብኝ አያውቅም።

መደብ ያልሠራሁበት ዝቅ ያለ ቦታ ደግሞ ነበር። እማማ «እሱን ተይው፣ መስከረም ላይ ሽምብራ በትኝበት» አሉኝ። ፎገራ ላይ እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ሽምብራው ዝናብ ሳይፈልግ ዋልካው ባቆረው እርጥበት ያድጋል። በተንኩ። አንድም ቀን ውሃ አላጠጣሁትም። ሲደርስ አልነቅለውም፣ በማጭድ ነው የማጭደው፤ ሥሩ ላይ ያሉት ትናንሽ እባጮች ናይትሮጅን ስለሚይዙ መሬቱ ውስጥ ይቅሩ ብዬ ነው።

ዘንድሮ እሸቱን እማማ በራፍ ላይ ተቀምጠን ፈለፈልን። ለጎመን እንዲሆናቸው እሳቸው ግቢም ሁለት መደብ አበጅተናል። የውሃ መውጫው ያው አንዱ ቦይ ነው፤ ግንቦት ላይ አብረን እንጠርገዋለን።