የፈረመ ሰው መልስ ይገባዋል

የእኔ ሥራ ሕዝብ ሲናገር መጻፍ ነው። መንገድ፣ የመስኖ ግድብ ወይም የውሃ መስመር ሊሠራ ሲታሰብ፣ ሥራው በአካባቢውና በሰዉ ኑሮ ላይ የሚያመጣውን የሚያጠና አማካሪ ይቀጠራል። በቡድኑ ውስጥ መሐንዲስ አለ፣ የአካባቢ ባለሙያ አለ፣ እኔ ደግሞ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋ ነኝ። ቀበሌ ለቀበሌ እየዞርኩ ሰዉን አወያያለሁ፣ የተባለውን እይዛለሁ፣ ቃለ ጉባኤ አዘጋጅቼ አስፈርማለሁ። ያ ቃለ ጉባኤ ከፊርማ ዝርዝሩና ከስብሰባው ፎቶግራፎች ጋር የጥናቱ የመጨረሻ ገጾች ላይ በአባሪነት ይጠረዛል። ጥናቱን የሚመረምረው መሥሪያ ቤት ሕዝቡ ተመክሮበታል ወይ ብሎ ሲጠይቅ የሚገልጠው ያንን አባሪ ነው።

ስለዚያ አባሪ ልጻፍ ብዬ ካሰብኩ ቆይቷል። የሚያስቸኩለኝ ነገር የገጠመኝ ግን ባለፈው በጋ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ አንድ የጠጠር መንገድ ወደ አስፋልት ሊያድግ ነው ተብሎ በተጠራ ስብሰባ ላይ ነው።

ስብሰባው የተያዘው በ21 ነበር። ማርያም ስለሆነች ሥራ የለም፤ ሰዉ ከቅዳሴ ሲወጣ ከቅጥሩ ውጭ ካለው ትልቅ ወይራ ሥር አረፍ አለ። (ቀን መምረጥ ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። ከወረዳ የሚመጣው ሰው በተመቸው ማክሰኞ ከተጠራ ወንዱ ማሳው ላይ ነው፤ ቅዳሜ ከተጠራ ሴቶቹ ገበያ ናቸው። ከዚያ ሪፖርቱ ላይ «የሴቶች ተሳትፎ ዝቅተኛ ነበር» ተብሎ ይጻፋል።) የቀበሌው ሊቀ መንበር ከፈተ፣ መሐንዲሳችን መንገዱ በየት በየት እንደሚያልፍ አስረዳ፣ ጥያቄና አስተያየት ቀጠለ። መጨረሻ ላይ የፊርማው ወረቀት ይዞር ጀመር። አንድ ሽማግሌ እስክሪብቶውን ተቀብለው ወረቀቱን አገላብጠው አዩት።

«ምን ላይ ነው የምፈርመው ልጄ?»

«መገኘትዎን ብቻ ነው አባቴ።»

«ባለፈውም መገኘታችሁን ነው ብለውን ነበር» ብለው እስክሪብቶውን መለሱልኝ።

ቁጭ ብዬ ጠየቅኳቸው። ከዓመታት በፊት ለሌላ መንገድ ገረጋንቲ ሊወጣ ሲል እንደዚሁ ተሰብስበው ነበር። ሥራው ሲያልቅ ጉድጓዱ ተመልሶ ይደፈናል፣ አፈሩም ይለብሳል ተባለ። ሳይደፈን ቀረ። በየክረምቱ ውሃ ይሞላል፣ የሰው ጥጃ ገብቶበት ሞቷል። ሊያመለክቱ ሲሄዱ አንድ ሠራተኛ ፋይል አውጥቶ የራሳቸውን ፊርማ አሳያቸው፤ «ተስማምታችሁ ፈርማችኋል» አላቸው። ሽማግሌው ይህን የነገሩኝ ሳይቆጡ ነው። ዙሪያቸው የተቀመጡት ሰዎች ጭንቅላታቸውን ሲነቀንቁ ሳይ ግን ቀበሌው በሙሉ ይህን ታሪክ እንደሚያውቀው ገባኝ። እኛ ስለ አዲሱ መንገድ ስናስረዳ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያዳመጡን ያንን ጉድጓድ እያሰቡ ነበር።

ወረቀቱን ተቀብዬ አናቱ ላይ «ይህ ፊርማ በዕለቱ በስብሰባው መገኘቴን ብቻ ያሳያል፤ በመሬቴም ሆነ በንብረቴ ላይ የተደረገ ስምምነት አይደለም» ብዬ በእጄ ጻፍኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ በማዘጋጀው የፊርማ ወረቀት ሁሉ ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር ታትሞ ይገባል።

እኚህ አባት አንቀጽ አልጠቀሱም፤ ሕጉ ግን ከእሳቸው ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ላይ ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 92 በአካባቢ ጉዳይ ይህንኑ ይደግመዋል፤ ሕዝቡ በዕቅዱም በአፈጻጸሙም ላይ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ፣ ማለትም ቁጥር 299/1995፣ ከዚህም አንድ እርምጃ ይሄዳል። ጥናቱ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን፣ አስተያየት እንዲሰበሰብበት፣ በተለይ ጉዳቱ የሚያገኛቸው ሰዎች ያሉት ነገር በጥናቱና በግምገማው ውስጥ እንዲካተት ያዛል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበት በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ባለይዞታዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ስለ ጥቅሙና ስለ ሂደቱ እንዲመከሩ ደንግጓል። ያወያየኋቸው አብዛኞቹ ገበሬዎች ይህን የአንድ ዓመት ነገር የሰሙት ከእኔ ነው።

ሕዝብ መሰብሰብ ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ገጠር ውስጥ ቀበሌን እስከ ዛሬ «ገበሬ ማኅበር» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ስሙ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጀምሮ የመጣ ነው። አባቴ በ1978 ክረምት የኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ረቂቅ ሕገ መንግሥት ለውይይት በወረደ ጊዜ ቀበሌ ተሰብስበው አንቀጽ በአንቀጽ ሲነበብላቸው እንደነበር ያስታውሳል። ጥር 24 ቀን 1979 ሕዝበ ውሳኔው ተካሄደ፣ 81 በመቶ ደግፎታል ተባለ። «አንተ ምን አስተያየት ሰጠህ?» ብዬ ስጠይቀው ስለ ገበሬው የእህል ኮታ እንደተናገረ ነገረኝ። «ምን መለሱልህ?» አልኩት። «ማን ይመልሳል?» አለኝ፤ ጥያቄዬ ራሱ ገርሞት ነበር። ይህ መገረም ነው የሚያሳዝነኝ። ተናግሮ መልስ መጠበቅ አባቴ በኖረበት ዘመን ሁሉ ያልለመደው ነገር ነው።

ወደ መንገዱ ልመለስ። ቀያሾቹ መስመሩን የያዙት በጥር ነው። በጥር ያ ሸለቆ ደረቅ ነው፤ ውሃ በየት እንደሚወርድ ለማወቅ ካርታና ስሌት ብቻ ነው ያላቸው። በንድፉ ላይ የውሃ መውረጃው ቱቦ ከመታጠፊያው በላይ ተቀምጧል። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ብድግ ብሎ «ሐምሌ ላይ ጎርፉ በዚያ አይመጣም፤ ከተራራው ወርዶ በእኔ ማሳ ጥግ ነው የሚዞረው» አለ። መሐንዲሳችን ወጣት ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን «እናየዋለን» ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ከስብሰባው በኋላ ከገበሬው ጋር በእግሩ ወረደ። ቁጥቋጦው ላይ ባለፈው ክረምት ጎርፍ አምጥቶ ያንጠለጠለው ገለባ እንዳለ ነው፤ ታጥበው የነጡ ድንጋዮችም ገበሬው ባለው ቦታ ተደርድረዋል። ቱቦው በንድፉ ላይ ወደ ታች ወረደ። ሊሠራ የታሰበውን ነገር ከጥፋት ያዳነው ከዚያ ማሳ ሠላሳ ክረምት ያየ ሰው ነው።

ይህ የሆነው ግን ንድፉ ገና ስላልጸደቀ ብቻ ነው። በሌላ ሥራ ላይ እኛ ለምክክር ስንደርስ ተቋራጩ ማሽኑን አስገብቶ ካምፑን አጥሮ ነበር። እዚያም ሰዉ ስለ ጎርፍ ተናገረ፣ እኔም ጻፍኩ፣ አባሪ ሆኖ ተጠረዘ። ንድፉን የሚቀይር ሰው አልነበረም፤ ውሉ ተፈርሟል፣ ዋጋው ተቆርጧል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሕዝብ መሰብሰብ የሰውን ቀን መብላት ነው እላለሁ። ደግሞም ጉዳቱ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተርፋል፤ አንዴ ተናግሮ ያልተሰማ ሰው ሁለተኛ አይናገርም።

ሴቶቹን ለብቻ ነው የማነጋግረው። በትልቁ ስብሰባ ላይ ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ዕድል ቢሰጣቸውም «ወንዶቹ ያሉት ይበቃል» ይላሉ። ከዚያ አንዷ ቤት ቡና ይፈላና ሌላ ስብሰባ ይጀመራል። ወንዶቹ ስለ ባሕር ዛፍና ስለ አጥር ካሳ ሲከራከሩ ውለዋል። ሴቶቹ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ምንጯ ነው፤ መንገዱ ሲሰፋ ትቆረጣለች ወይ? ቀጥሎ የካምፑ ሠራተኞች ከየት እንደሚመጡና ልጆቻቸው ወደ ትምህርት ቤት የሚያልፉበት መንገድ በካምፑ ደጃፍ ይሆን እንደሆነ ጠየቁ። ቀጥሎ አንዲት ወይዘሮ ደብተር አምጥተው አሳዩኝ፤ አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር። «ይኸው የሁለታችንም ስም አለ፣ የሁለታችንም ፎቶ አለ። ካሳው ሲመጣ የሚገባበት የባንክ ደብተር ግን የእሱ ብቻ ነው። ይህን ጻፊልኝ» አሉኝ። ጻፍኩ። በዚህ ሥራ ውስጥ ካየኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይህን ያህል ቀጥ ያለ፣ ይህን ያህል መልሱ በእጅ ያለ ጥያቄ አላስታውስም። ካሳው በሁለቱም ስም በሚከፈት ሒሳብ ይግባ ማለት አንድ መስመር ደብዳቤ ነው።

ሰዉ ለስብሰባ ግድ የለውም የሚሉኝ ኃላፊዎች አሉ። አበል ካልተከፈለ አይመጣም ይላሉ። አልስማማም። ከ1997 ጀምሮ ሴፍቲኔት ባለባቸው ወረዳዎች የተጠቃሚ ልየታ ሲደረግ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። የተመረጡት ሰዎች ስም ዝርዝር በሕዝብ ፊት ይነበባል፣ ይለጠፋል፣ ቅር ያለው ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። እዚያ ማንም አያንቀላፋም። «እገሌ ሁለት በሬ አለው፣ እገሊት ግን ባሏ ሞቶ አራት ልጅ ይዛ ቀርታለች» እየተባለ ስም ይወጣል፣ ስም ይገባል። አድልዎ የለም አልልም፤ አለ፤ ዘመድ የሚያስገባም አለ። ቢሆንም ሰዉ የሚመጣው ቃሉ ውጤት ሊቀይር እንደሚችል ስለሚያውቅ ነው። የሚታረሱ ተዳፋቶች ላይ እርከኑ የት ይሠራ፣ የትኛው ኮረብታ ከከብት ይከለል የሚለውም በተፋሰሱ ሰዎች ሲመከርበት ተመልክቻለሁ፤ ራሳቸው የከለሉትን ኮረብታ ራሳቸው ይጠብቁታል።

የምከራከርለት ነገር አንድ ነው፦ ተመልሶ መሄድ። አብዛኛው የሥራ ዝርዝር አንድ ዙር ምክክር ብቻ ነው የሚጠይቀው። ለሁለተኛ ጉዞ ነዳጅ አልተያዘም፣ ቀን አልተያዘም። በሰሜን ሸዋው ሥራ ላይ ግን ለሁለተኛ ዙር ብዙ ተከራክሬ ተፈቀደልኝ። የተጠየቀውን ሁሉ በሰንጠረዥ አዘጋጅቼ ነበር፤ ማን ጠየቀ፣ ምን ጠየቀ፣ ምን ተወሰነ፣ ለምን። እንደገና ከወይራው ሥር ተቀመጥንና አንድ በአንድ ተነበበ። ቱቦው ተዛውሯል። ምንጯ አትነካም፤ መንገዱ በዚያ በኩል የሚሰፋው ወደ ማዶ ነው። ካምፑ ከትምህርት ቤቱ መንገድ ይርቃል። የካሳውን ሒሳብ በሁለቱም ስም ማድረግ ለወረዳው በደብዳቤ ቀርቧል፣ መልሱ አልመጣም። መንገዱ በገበያው መሐል እንዳያልፍ ዞሮ ይሂድ የተባለው ግን አልሆነም።

የፈራሁት ይህን የመጨረሻውን ነበር፤ ገበያተኛው አጥብቆ ጠይቆ ነበርና። መሐንዲሱ ካርታውን መሬት ላይ ዘርግቶ ጣቱን እያስኬደ የዳገቱን ቁልቁለት አሳያቸው፤ በዚያ ቢዞር የተጫነ መኪና ሊወጣው እንደማይችል፣ ስንት ቤት ተጨማሪ እንደሚነሣ ነገራቸው። ተከራከሩት። ከዚያ አንዱ ነጋዴ «እሺ፣ እንግዲያስ በገበያ ቀን መኪና ቀስ እንዲል ጉብታ ይሠራልን» አለ፤ ተመዘገበ፣ ንድፉ ውስጥም ገባ። «አይሆንም» የሚል መልስ ይዤ ሄጄ ከዚያ ቀበሌ ቂም ይዤ አልተመለስኩም። ምክንያቱ ተነግሯቸዋል፣ የተነገራቸውም ፊት ለፊት ነው።

ይህን የምታነቡ በከተማም በገጠርም ትኖራላችሁ፤ ለመልሶ ማልማት፣ ለመንገድ፣ ለፍሳሽ መስመር፣ ለኮንዶሚኒየም ጉዳይ ስብሰባ ትጠራላችሁ። ሂዱ። ከመፈረማችሁ በፊት የወረቀቱን አናት አንብቡ፤ ባዶ ከሆነ ምን ላይ እንደምትፈርሙ ራሳችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ። ጥያቄያችሁ ከነስማችሁ እንዲመዘገብ ጠይቁ፣ ከመዘጋቱ በፊትም ቃለ ጉባኤው ይነበብልን በሉ። መልሱ በስንት ቀን ውስጥ፣ በማን በኩል እንደሚመጣ አስጽፉ። የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ከከለከሏችሁ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃውን በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ካልሰጠ አቤቱታው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አድርጉና አንዱ ላይ መዝገብ ቤት ገቢ ማኅተምና ቀን አስመቱበት።