ለነሐስ የተሠራ ማስመሪያ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ምንም ሳይጎድልብኝ ሆዴን ባር ባር አለው። የድሬዳዋ ሙቀት ሰውን ቤት አስቀርቶ ከራሱ ጋር ሲያፋጥጠው እንዲህ ያለ ስሜት አይጠፋም፤ እኔም እንደ ልማዴ ወደ ትንሿ የእንፋሎት ሞተሬ ተመለስሁ።

በእጄ ያለው የሲሊንደሩ ሞዴል ነው፤ ማለትም አሸዋ ላይ ታትሞ ሲነሣ፣ የቀለጠ ነሐስ የሚፈስበትን ቅርጽ የሚተው እንጨት። ቀፊራ አካባቢ ካለ አናጢ ከለመንሁት የዋንዛ ቁራጭ በሁለት ግማሽ ተሠርቶ በእንጨት ችንካር የሚገጣጠም ሲሆን፣ ሞተሩ ላይ ቀዳዳ በሚሆነው ቦታ በሁለቱም ጫፍ ድቡልቡል እንጨት ተርፎ ይወጣል። የማያውቅ ሰው ቢያየው ሲሊንደሩ ተደፍኗል ይላል። ያ ትርፍ እንጨት ግን አሸዋው ላይ የሚተወው ጎድጓዳ፣ በሌላ ሣጥን ተቀርጾ በምድጃ የደረቀ የአሸዋ ዘንግ የሚጋደምበት ነው፤ ነሐሱ ዘንጉን ከብቦ ሲረጋ ቀዳዳው ይገኛል።

ከሸመንደፈር ጡረታ የወጡት ጋሼ ሞዴል ሲያሳዩአቸው መጠኑን አይጠይቁም። አውራ ጣታቸውን በጎኑ ላይ ያንሸራትቱና፣ አንድ ሁለት ዲግሪ ያህል ካላዘነበለ «ይኼ አይወጣም» ብለው ይመልሱታል፤ ቀጥ ያለ ጎን ከአሸዋው ሲነቀል ግድግዳውን ይዞ ይመጣልና። ሲሊንደሩን አሳልፈውታል። የቀረኝ ቬርኒሹን መደራረብ ብቻ ነበር፤ በእኛ አየር የደረቀ ዋንዛ ርጥብ አሸዋ ውስጥ ሲገባ ውኃ ይመጥጣል፣ የሚያብጠውም በቁመቱ ሳይሆን በአግድሙ ስለሆነ ክብ የነበረው ሞላላ ይሆናል።

የመጀመሪያው ቅብ እስኪደርቅ ማስመሪያዬን አነሣሁ። ቀልጦ የፈሰሰ ነሐስ ሲቀዘቅዝ ከመቶ አንድ ተኩል ያህል፣ ብረት ደግሞ ከመቶ አንድ ያህል ስለሚኮማተር ሞዴሉ ከሚፈለገው ዕቃ መብለጥ አለበት። የድሮ ሞዴል ሠሪዎች እያንዳንዱን ልክ ከማባዛት ይልቅ ለየማዕድኑ ሚሊሜትሩ የተለጠጠ ማስመሪያ ይይዙ ነበር፤ እኔም 203 ሚሊሜትር የሆነ ዘንግ 200 ቦታ ከፍዬ ለነሐስ የሚሆን ሠርቻለሁ። በዚህ ማስመሪያ ጠረጴዛውን ለካሁ፣ የበሩን መቃን ለካሁ፤ ሁሉም አጠረ። ማስመሪያው የሚነግረኝ ዕቃው ያለውን ርዝመት ሳይሆን፣ ዕቃው ሞዴል ቢሆን ከእርሱ የሚወጣውን ነሐስ ርዝመት ስለሆነ፣ ቤቱ በሙሉ ለሌላ ቤት የተዘጋጀ እንጨት መስሎ ታየኝ። ለነገሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው ባቡር ሲሊንደሮችም በመጀመሪያ በጥቂቱ የሚበልጧቸው እንጨቶች ነበሩ፤ እንጨቶቹ ግን ከተሠሩበት አገር ወጥተው ሐዲዱን አላዩም። ይህን ያህል ጥንቃቄ ተደርጎለት፣ የሥራው ስኬት የሚለካው እርሱ በሌለበት ዕቃ የሆነ ነገር ሳስብ፣ ለእንጨቱ አዘንሁለት።

ቀጥሎ የመጣልኝ ራሴን መለካት ነበር። ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጌ ማስመሪያውን ደረጃ በደረጃ ሳሳልፍ፣ 172 ሴንቲሜትር የነበርሁት ሰውዬ 169 ተኩል ሆንሁ። እንግዲህ እኔ የ169 ተኩል ሰው ሞዴል ነኝ ማለት ነው። ሆዴ አካባቢ ለቶርኖ፣ ማለትም ለመፋቂያው ማሽን፣ የሚተው ትርፍ በበቂ ሁኔታ አለ፤ በዚያ በኩል ጋሼም ቅር የሚላቸው አይመስለኝም። በጀርባዬ አስተኝተው፣ በጆሮዬ መስመር ለሁለት ከፍለው አሸዋው ላይ ቢያትሙኝ ግን የአፍንጫዬ ቀዳዳዎች ወደ እግሬ ስለሚመለከቱ፣ ሞዴሉ ወደ ላይ ሲነሣ በውስጣቸው የገባው አሸዋ ይቆረጣል፤ ጋሼም አውራ ጣታቸውን አፍንጫዬ ሥር አድርገው «ይኼ አይወጣም» ማለታቸው አይቀርም። ታዲያ አፍንጫዬን ለብቻው ተነቃይ አድርጌ ልሥራው፣ ወይስ ለቀዳዳዎቹ ሁለት ቀጫጭን የአሸዋ ዘንጎች ልጋግርላቸው?